አራተኛው ሀገር

ሰኢድ ሁሴኖ ፖላንድ ሊሄድ ነው የሚለው ወሬ አሰላ ውስጥ የተሰማው በሐምሌ፣ ዝናቡ መንገዱን ሁሉ ጭቃ ባደረገበት ሰሞን ነው። ከተማው ውስጥ ስለ ስንዴ አጨዳ የሚያወራ ሰው ሁሉ ሰኢድን ያውቀዋል። የአቶ ወልደ ጊዮርጊስን ኮምባይነር ይዞ እህል በደረሰበት ሁሉ ሲዞር፣ ከአርሲ ጀምሮ ባሌ ድረስ እየወረደ ሲያጭድ ከአስር ዓመት በላይ ሆኖታል። እጁ ያረፈበት ማሳ ላይ ዘለላ አይቀርም ይሉለታል። ሥራው ግን የወቅት ሥራ ነው። አጨዳው ሲያልቅ ማሽኑ መጋዘን ይገባል፣ ሰኢድም ቤቱ ይገባል። የቀረውን ዓመት አንድ ቀን የሰው አይሱዙ ሲነዳ፣ ሌላ ቀን ጋራዥ ሲላላክ፣ ሲብስበትም በሩ ላይ ተቀምጦ ጭላሎ ተራራ ላይ ደመና ሲሰበሰብ ሲያይ ይከርማል። በዚያ ላይ ሚስቱ ሙቢና ከብዙ ዓመት ጥበቃ በኋላ አርግዛ ነበር።

የውጭውን ነገር ያመጣው ዘሪሁን ነው። ዘሪሁን መጀመሪያ የማሽኑ ረዳት ሆኖ ነው የገባው፤ ሰኢድ መሪ ይዞ ሲያጭድ እሱ ከኋላ እህሉን ጆንያ ውስጥ ያስገባል። በኋላ ሰኢድ ራሱ መንዳት አስተማረው። አንዱ ሙስሊም አንዱ ክርስቲያን፣ በአጨዳ ሰሞን ግን አንድ ድንኳን ውስጥ አድረው፣ በአንድ ብርድ ልብስ ተጠቅልለው ያደጉ ያህል ነበሩ።

"ኤፊ የምትባል ሴት አለች፣ አዲስ አበባ ቢሮ አላት" አለው ዘሪሁን። "የእርሻ ማሽን ኦፕሬተር ይፈልጋሉ። ፖላንድ። ዓመቱን ሙሉ ሥራ አለ፣ መኖሪያው በእነሱ ነው። ሁለታችንንም ትወስደናለች።"

ኤፊ በስልክ ስታወራ ድምጿ ለስላሳ ነው። ሁሉንም "የኔ ወንድም" ነው የምትለው። ሰኢድ ብዙ አልተከራከረም፤ ሁለቱም ፓስፖርታቸውን አስረከቧት። ሙቢና ገበያ ወርዳ ወፍራም ጃኬት ገዛችለት። ዘሪሁን ደግሞ ከስልኩ ላይ የፖላንድ ሰላምታ ለምዶ ባጃጅ ተራ ላይ ያገኘውን ሁሉ "ጀን ዶብሪ!" ይል ጀመር። የባጃጅ ሹፌሮቹም አልማሯቸውም፤ ከዚያ ወዲያ ሰኢድ ብቅ ባለ ቁጥር "ፖላንድ! ና እዚህ ግባ፣ ላድርስህ!" ሆነ ጥሪው።

መስከረም ላይ መሄጃቸው ደረሰ ተባለ። የሰኢድ እናት ሀጂራ በግ አሳርዳ፣ ሽማግሌዎቹን ጠርታ ዱአ አስደረገች። ጎረቤት ሁሉ ተሰናበተው። አንዳንዱ አለቀሰ። በማግስቱ ጠዋት ኤፊ ደወለች።

"የኔ ወንድም፣ የፖላንዱ ትንሽ ተበላሽቷል። አትጨነቅ፤ ሩማንያ አድርጌላችኋለሁ። ያው አውሮፓ ነው።"

ሰኢድ ሩማንያ የት እንደሆነ አያውቅም ነበር። ከዘሪሁን ጋር ስልክ ላይ ካርታ ከፍተው አዩና ከፖላንድ ብዙም እንደማይርቅ ሲረዱ ተጽናኑ። ሙቢና ሻንጣውን አልፈታችውም፤ እንደተዘጋጀ አልጋው ስር አስገባችው። ጥቅምት ላይ የቲኬቱ ፎቶ በቴሌግራም መጣ። ሰኢድ ስሙን በላቲን ፊደል ተጽፎ ሲያየው ልቡ ዘለለ። እናቱ እንደገና ሰው ጠራች፤ የመጣው ግን የመጀመሪያው ግማሽ አይሆንም። ሊሄድ አንድ ቀን ሲቀረው ቲኬቱ ተሰረዘ። "ሰርቢያ" አለች ኤፊ። "ሰርቢያ እንዲያውም ይቀላል።"

ይሄኔ ነው አቶ ወልደ ጊዮርጊስ ቤት ድረስ የመጡት። ሽማግሌ ናቸው፤ ሰው ቤት መሄድ አይወዱም። በር ላይ ቆመው ከዘራቸውን መሬት ላይ ተከሉ።

"ሰኢድ፣ ስንዴው ደርሷል" አሉት። "ገበሬው ማሽን አምጡልኝ እያለኝ ነው። አንተ ደግሞ ዛሬ ፖላንድ፣ ነገ ሌላ ትለኛለህ። ወይ ሂድ፣ ወይ ቅር። ዛሬውኑ ንገረኝ።"

"ጋሽ ወልዴ፣ እሄዳለሁ" አላቸው።

"የት?"

"ሰርቢያ።"

"ቁርጥ ነው?"

ሰኢድ አቀርቅሮ "ቁርጥ ነው" አለ። ሽማግሌው ምንም ሳይጨምሩ ሄዱ። በማግስቱ ማሽኑን ለሌላ ሰው ሰጡት። ሰኢድ ያን ቀን ከቤት አልወጣም። ከሩቅ የሞተሩ ድምፅ ሲያልፍ ተነስቶ መስኮቱን ዘጋው።

የሰርቢያው ቀን ሲደርስ ማንንም አልጠሩም። እናቱ እጇን ዘርግታ ለብቻዋ ዱአ አደረገች፤ ሙቢና እስከ መናኸሪያው ሸኘችው። ሆዷ ገፍቶ መራመድ ከብዷት ነበር። ሚኒባሱ በር ላይ ጃኬቱን ሰጥታው፣ "የደረስክበትን ሀገር ስም ስትደርስ ብቻ ንገረኝ" አለችው። እየሳቀች ነው ያለችው፤ ፊቷን ግን ቶሎ አዞረች።

ዘሪሁን ከፊት ወንበር ቦታ ይዞ ይጠብቀው ነበር። አዲስ ጫማ አድርጓል። እናቱ አሰፋሽ አንገቱ ላይ ያሰረችለት ክር ከሸሚዙ ኮሌታ ወጥቶ ይታያል። ሚኒባሱ ከአሰላ ወጥቶ ቁልቁል ወረደ። መንገዱ ግራና ቀኝ ስንዴው ቢጫ ሆኖ ተኝቷል፤ እዚህም እዚያም የኮምባይነር አቧራ ይነሳል። ሰኢድ ላለማየት ሞከረ፤ አልቻለም።

ኢተያ መግቢያ ላይ ጎማ ተነፈሰ። ሹፌሩ እያጉረመረመ መኪናውን ጎሚስታ ቤት በር ላይ አቆመ፤ ተሳፋሪው ሁሉ ወረደ። ዘሪሁን ሻይ ገዝቶ ሊጠጣ ሲል ነው የሰኢድ ስልክ የጮኸው። ኤፊ ናት። ዘሪሁንም እንዲሰማ ድምፁን ከፈተው።

"የኔ ወንድሞች፣ የት ደረሳችሁ?"

"ኢተያ።"

"ጎበዞች። አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ እንዳትደነግጡ። የሰርቢያው ለጊዜው ቆሟል። ግን አልጣልኳችሁም። ያው ድርጅት ታይላንድ ውስጥ ትልቅ የሩዝ እርሻ አለው። ቲኬታችሁ ተቆርጧል፣ ዛሬውኑ ትበራላችሁ። በቀጥታ ወደ ቢሮዬ ኑ።"

ሁለቱ ተያዩ።

"ታይላንድ?" አለ ሰኢድ።

"ታይላንድ። ብርድ የለ፣ ምን የለ። እናንተ ደግሞ እድለኞች ናችሁ።"

ሰኢድ ክንዱ ላይ ያንጠለጠለውን ጃኬት አየው። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ሀገሩ ሲቀያየር ተናዶ ያውቃል፣ አፍሮ ያውቃል፤ ፈርቶ ግን አያውቅም ነበር። አሁን ፈራ።

"ከተማው ማን ይባላል?" ብሎ ጠየቃት።

"ባንኮክ ነው የምታርፉት። እርሻው ከባንኮክ ትንሽ ወጣ ይላል።"

"ቪዛው የሥራ ነው?"

"ለጊዜው የጉብኝት ነው። እዛ ስትደርሱ ይቀይሩላችኋል።"

"ውሉስ?"

"እዛው ትፈርማላችሁ። ሰኢድ፣ የኔ ወንድም፣ ምን ሆነሃል? በአንተ ቦታ መሄድ የሚፈልግ ስንት ሰው እንዳለ ታውቃለህ?"

"እዛ የሚሠራ አንድ ያገራችንን ሰው አገናኚኝ" አላት። "በጆሮዬ ልስማው። ያኔ እመጣለሁ።"

ኤፊ "ጠብቅ" ብላ ዘጋችው።

ዘሪሁን ሻዩን እንደያዘ ቀረ። "ለምን ታስቆጣታለህ?" አለው። "ፓስፖርታችን እሷ ጋ ነው እኮ።"

"ታይላንድ ስላለው ነገር ምን ታውቃለህ?"

"ስለ ሰርቢያስ ምን አውቅ ነበር?"

ሹፌሩ ጎሚስታውን ያጣድፋል። ጎማው ወልቆ፣ የውስጥ ጎማው ውሃ የሞላ በርሜል ውስጥ ተነክሮ አየር ሲተፋ ተሳፋሪው ከቦ ያያል። ስልኩ እንደገና ሲጮህ ሰኢድ ድምፁን ሳይከፍት ጆሮው ላይ ለጠፈው፤ የጎማ መንፊያው ሞተር ተነስቶ ስለሚጮህ ሌላውን ጆሮውን በእጁ ደፈነ።

"መስመር ላይ አለ፣ አውራው" አለች ኤፊ።

የወንድ ድምፅ መጣ። ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል። "ሰላም ወንድሜ። ሥራው ጥሩ ነው። ምግብ አለ። መኝታ አለ። ደሞዝ በጊዜው ነው። ኑ።" ሰው ሲያወራ ሳይሆን ሲያነብ ነው የሚመስለው።

አማርኛው ግን የሰኢድ ዓይነት ነበር፤ ከስሩ ኦሮምኛ ያለበት። ሰኢድ "የየት ሀገር ልጅ ነህ?" አለው።

"የባሌ።"

"ከየት?"

"ጎባ።"

ሰኢድ ሳያስበው በኦሮምኛ ሰላም አለው፤ ጤንነቱን ጠየቀው፣ ቤተሰቡን ጠየቀው። የሰውየው ትንፋሽ ብቻ ይሰማል። ኤፊ ከመካከል ገብታ ሳቀች፦ "እናንተ፣ በአማርኛ አውሩ እንጂ፣ እኔም ልስማ!"

"ሥራው ጥሩ ነው" አለ ሰውየው እንደገና፣ በአማርኛ። "በል ወንድሜ፣ ቻው። ቤተሰብ ሰላም በልልኝ።" እና ልክ ሊዘጋ ሲል፣ ከትንፋሽ ጋር፣ አንዲት ቃል ጨመረ። መስመሩ ተቋረጠ።

ሰኢድ ስልኩን ከጆሮው ሳያወርድ ቆመ። ሂንዱፊና ነው የሰማው። አትምጡ ማለት ነው።

ወይስ ኒዱፍና ነው ያለው? እሱ ከሆነ እንመጣለን ማለት ነው፤ ሀገሩን በቋንቋው ያስታወሱት ስደተኛ አንድ ቀን እንመጣለን ብሎ ቢሰናበት ምን ይገርማል? መንፊያው እየጮኸ ነበር። መስመሩ ይቆራረጥ ነበር። ቃሉ ደግሞ አጭር፣ ሰውየው ደግሞ የዋጠው ያህል ነው የተናገረው።

"ምን አለህ?" አለ ዘሪሁን።

"አትምጡ አለኝ።"

"ምን?"

"የጎባ ልጅ ነው። በኦሮምኛ። መጨረሻ ላይ። ሂንዱፊና አለኝ።"

ዘሪሁን ሻዩን አስቀመጠ። እሱም ኦሮምኛ ያውቃል፤ አሰላ ተወልዶ የማያውቅ የለም። "እንደዛ ካለህ ለምን አስቀድሞ ሥራው ጥሩ ነው አለህ?"

"እየሰሙት ይሆናል።"

"ማን?"

"እኔ እንጃ ማን።"

"ቃሉን በደንብ ሰምተሃል? ኒዱፍና ቢሆንስ?"

ሰኢድ ዝም አለ። ዘሪሁን ዝምታውን አየና ፊቱ ተለወጠ።

"አየህ? አታውቅም። በአንዲት ቃል፣ ያውም ባልሰማሃት ቃል ይሄን ሁሉ ልትጥለው ነው? እኔ ተመልሼ ባጃጅ ተራ ላይ ታይላንድ እየተባልኩ አልኖርም፣ ሰኢድ። ሦስት ጊዜ ተሳቀብኝ፣ በቃኝ። ማሽኑንም ለሰው ሰጥተውታል። ተመልሰን ምን እንሠራለን?"

"እርሻ ከሆነ የጉብኝት ቪዛ ምን ያደርጋል? አስብ እስቲ።"

"አሰብኩ። ሐምሌን፣ ነሐሴን፣ እስካሁን ሳስብ ነው የከረምኩት።"

ጎማው ተጠግኖ ገባ። ሹፌሩ ጥሩምባውን ነፋ፤ ሰዉ እየተጋፋ ተሳፈረ። ዘሪሁንም ወጥቶ ቦታው ላይ ተቀመጠ። ሰኢድ ረዳቱን ሻንጣውን ከላይ እንዲያወርድለት ነገረውና በሩን በእጁ ያዘ።

"ዘሪሁን፣ ውረድ።"

ዘሪሁን ወደ ፊት እያየ ቆየ። ከዚያ ዞረ። "ማል" አለው። "ሂንዱፊና ነው ያለው ብለህ በአላህ ማልልኝ። አንተ በውሸት እንደማትምል አውቃለሁ። ከማልክልኝ አሁኑኑ እወርዳለሁ።"

ተሳፋሪው ሁሉ ሰኢድን ያያል። አንዲት ሴትዮ "ኧረ ልጄ ወይ ማል ወይ ልቀቀን፣ ረፈደብን" አለች። ሰኢድ አፉን ከፈተ። ቃሉን እንደገና ጆሮው ውስጥ ፈለገው። በፈለገው ቁጥር አንዴ እንዲህ፣ አንዴ እንዲያ ሆነበት።

"መማል አልችልም" አለ በመጨረሻ። "ግን ውረድ። በሞቴ ውረድ።"

"እሱማ ፍርሃት ነው" አለ ዘሪሁን። በቁጣ አልነበረም፤ እንዲያውም እጁን ዘርግቶ ትከሻውን ነካው። "ስደርስ እደውልልሃለሁ። ጥሩ ከሆነ ትከተለኛለህ።"

ረዳቱ የሰኢድን እጅ ከበሩ ላይ አላቆ ዘጋው።

ሰኢድ ድንጋይ በጫነ መኪና ተመልሶ አሰላ ገባ። የሰፈሩ ሰው በር በሩ ላይ ቆሞ አየው፤ ያን ቀን ግን አንድም ሰው አልቀለደበትም። ሙቢና ግቢ ውስጥ ልብስ ታሰጣ ነበር። ሻንጣውን ስታይ "ምን ረሳህ?" አለችው።

"ምንም። ቀረሁ።"

የሆነውን ሁሉ ነገራት። እሷ እርጥቡን ልብስ እንደያዘች ሰማችው። ከዚያ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ፣ "ደስ ብሎኛል ብልህ ትቆጣኛለህ?" አለች። መልሱን ግን አልጠበቀችም። "ዘሪሁንስ?"

ለዚህ ጥያቄ ነው ሰኢድ ውሃ እንኳ ሳይጠጣ የተነሳው። ዘሪሁን የማንንም ምክር ባይሰማ የእናቱን ይሰማል። አሰፋሽ ከብቅል ፋብሪካው ጀርባ ነው ቤቷ፤ ባሏ ከሞተ ጀምሮ አንድ ልጇን ይዛ የኖረች ሴት ናት። ሰኢድ ሲገባ ደነገጠች።

"ልጄ ምን ሆነ?"

"ምንም አልሆነም፣ እማማ አሰፋሽ። መንገድ ላይ ነው። ግን ሀገሩ ተቀየረ። ታይላንድ ተባልን።" የሰማውን ነገራት። "እባክዎ ይደውሉለት። እርስዎ ተመለስ ካሉት ይመለሳል።"

ሴትየዋ ነጠላዋን አስተካክላ ለረጅም ጊዜ አየችው።

"አንተ ቃሉን በትክክል ሰማህ?"

"አልሰማሁም ብል ውሸት ነው። ሰማሁ ብልም ውሸት ነው።"

"እንግዲያ በምንህ ነው ልጄን ተመለስ የምለው?" አለች። ድምጿ ከፍ አለ። "አንተ ሚስት አለህ፣ ልጅ እየመጣልህ ነው፣ ብትቀር ቤትህ ትገባለህ። የኔ ልጅ ምን አለው? ሰው ሁሉ እየሳቀበት እንደሆነ አላውቅም መሰለህ? ፈርተህ ከሆነ ፍራ። የልጄን እድል ግን አብረህ አትቅበርብኝ።"

"እማማ፣ ወንድሜ ነው እኮ።"

"ወንድምህ ከሆነ ለምን ብቻውን ለቀቅከው?"

ሰኢድ ግን አልሄደም። በር አጠገብ ቆሞ ቀረ፤ እሷም ጀርባዋን ሰጥታው እቃ ታነሳለች፣ ታስቀምጣለች። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በመጨረሻ ስልኳን አንስታ ደወለች። ዘሪሁን አነሳ፤ ኤፊ ቢሮ ደርሷል፣ ከሌሎች ሰባት ልጆች ጋር ነው፣ ሁሉም ታይላንድ ናቸው። ደስታ ድምፁ ላይ ይሰማ ነበር።

አሰፋሽ ስልኩን ይዛ ሰኢድን አየችው። ሰኢድ ጭንቅላቱን ነቅንቆ ለመናት።

"በሰላም ግባ፣ ልጄ" አለች። "እመብርሃን ትከተልህ።"

ከዚያ ዘግታ፣ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ሰኢድ ቀስ ብሎ ወጣ።

ዘሪሁን "ባንኮክ ገባን" ብሎ ጻፈ። ከዚያ በኋላ ስልኩ አልሠራም። አንድ ሳምንት ሲያልፍ ሲም ካርድ አላገኘም ይሆናል ተባለ። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ሰኢድ አዲስ አበባ ሄዶ የኤፊን ቢሮ ፈለገ፤ በሩ ላይ ትልቅ ቁልፍ ተንጠልጥሏል፣ ጎረቤቱ ደግሞ ለቀው ሄደዋል አለው። የእሱም ፓስፖርት በዚያው ቀረ። ፖሊስ ጣቢያ ገብቶ አመለከተ። ሲመለስ በኢተያ በኩል ሲያልፍ ዓይኑን ጨፈነ።

ታህሳስ አለፈ፣ ጥር ገባ። ሙቢና ሴት ልጅ ወለደች። አቶ ወልደ ጊዮርጊስ የሰጡት ሹፌር ማሽኑን ገደል አፋፍ ላይ ስላንሸራተተባቸው ሰኢድን መልሰው ጠሩት፤ የባሌውን አጨዳ እሱ ጨረሰው። ማሳ ላይ ሆኖ ማሽኑን ሲያዞር ከኋላ ጆንያ የሚይዘውን አዲሱን ልጅ ሁለት ጊዜ "ዘሪሁን!" ብሎ ጠራው። ልጁ ስሜ እሱ አይደለም አላለውም።

አንድ እሁድ ጠዋት የሰኢድ ግቢ በር ተንኳኳ። ጋሪ ቆሟል፣ አሰፋሽ እየወረደች ነው። ከስታለች። ሀጂራ ልትቀበላት ስትነሳ አሰፋሽ ደጃፉ ላይ እንዳለች ተናገረች፦

"ደወለ። ከማላውቀው ቁጥር። እማ ደህና ነኝ አለኝና ማልቀስ ጀመረ። ከዚያ ሌላ ሰው ስልኩን ወሰደበት።" ሰኢድን አየችው። "ልጄ፣ ምን እናድርግ?"

ሰኢድ ከዚያ ቀን ጀምሮ አልተቀመጠም። አብረው ቢሮ ለቢሮ ዞሩ፤ አንዱ ነገ ኑ ይላል፣ ሌላው የእኛ ሥራ አይደለም ይላል። ቀስ በቀስ ልጆቻቸው የጠፉባቸውን ሌሎች ቤተሰቦች አገኙ፤ ከአቦምሳ፣ ከጮሌ፣ ከአዲስ አበባም። ልጆቹ ያሉት ታይላንድ ሳይሆን ከወንዝ ማዶ፣ ሌላ ሀገር ውስጥ፣ በታጠረ ግቢ እንደሆነ ያኔ ነው ያወቁት። እርሻ የለም። ኮምፒውተር ፊት አስቀምጠው፣ በዓለም ዙሪያ ያለ ሰው እያታለሉ ገንዘብ እንዲያመጡ ያደርጓቸዋል። አሰፋሽ ይህን ስትሰማ ያለችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ "ልጄ መዋሸት አይችልም። ይገድሉታል።"

አልገደሉትም። የግቢው ነገር ይፋ ወጥቶ ብዙ ሰው ሲለቀቅ ዘሪሁንም አብሮ ወጣ፤ ሚያዝያ ላይ አሰላ ገባ። አሰፋሽ ከፋሲካ በፊት ደረሰልኝ ብላ እልል አለች። ሰኢድ ግን ሊጠይቀው ለመሄድ ሁለት ቀን ፈጀበት።

ሲገባ ዘሪሁን መደብ ላይ ተቀምጦ ነበር። ጸጉሩ ተላጭቷል። ግራ እጁን ጭኑ ላይ እንዳስቀመጠው አያንቀሳቅሰውም። ተሳሳሙ፤ ማንም አላለቀሰም።

"ወንዙን በትንሽ ጀልባ ነው ያሻገሩን" አለ ዘሪሁን፣ ሳይጠየቅ። "ያኔ ነው የገባኝ። ጀልባ ላይ ሆኜ አንተን ነው ያሰብኩት።" ቆየና ቀጠለ። "ያን የጎባ ልጅ አገኘሁት። ጠየቅኩት። ሂንዱፊና ነው ያልኩት አለኝ። በኋላ የተናገረውን ደርሰውበት ስልክ ከለከሉት። ከዚያ ወደ ሌላ ግቢ ወሰዱት። ይውጣ አይውጣ አላውቅም።"

ሰኢድ ሁለት እጁን አጣምሮ መሬት መሬት አየ።

"ብትምልልኝ ኖሮ እወርድ ነበር" አለ ዘሪሁን።

"አውቃለሁ።"

"ለምን አልማልክም?"

"እርግጠኛ አልነበርኩም።"

ዘሪሁን ይቆጣ እንደሆነ፣ ይቅር ይል እንደሆነ ከፊቱ አይታወቅም። አሰፋሽ ምግብ አቅርባ ጥግ ላይ ተቀምጣለች፤ እሷም መሬት መሬት ታያለች።

"የባሌው አጨዳ እንዴት ነበር?" አለ ዘሪሁን በመጨረሻ።

ሰኢድ ቀስ እያለ ይነግረው ጀመር፤ ስንዴው እንዴት ረጅም እንደነበረ፣ ዝናብ እንዴት እንዳሳደዳቸው፣ ጋሽ ወልዴ የማሽኑ ቀበቶ ሲበጠስ እንዴት ማሳው መሃል ቆመው እንደተሳደቡ። ዘሪሁን አንዴ ፈገግ ያለ መሰለው። ሰኢድ ወሬውን ቀጠለ። ስለ አዲሱ ረዳት ነገረው፣ ማሳው ላይ ስለወደቀው ድንኳን ነገረው። ቀና ሲል ዘሪሁን ጀርባውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ፣ አፉን ትንሽ ከፍቶ እንቅልፍ ወስዶታል።

ሰኢድ ሊነሳ ሲል አሰፋሽ በእጇ ምልክት ሰጠችው።

"ተቀመጥ" አለችው በሹክሹክታ። "ከመጣ ጀምሮ ዓይኑን አልከደነም። ድምፅህን ሰምቶ ነው የተኛው። አውራ፣ ዝም ብለህ አውራ።"

ሰኢድ ተመልሶ ተቀመጠ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ስለ ሴት ልጁ መወለድ ማውራት ጀመረ።